የልብስ ሰፊዋ አድራሻ

መርማሪዋ የግቢውን ትልቅ የብረት በር ደጋግማ አንኳኳች። የሚከፍትላት ጠፋ። ከውስጥ አንዲት ሴት፣ «በዚያ አይሆንም፣ አሸዋ ተደፍቶበታል፤ በአናጢው በኩል ዙሩ» ስትል ተጣራች። ዞረች። በአናጢው ሱቅና በጎረቤት አጥር መሃል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መተላለፊያ አለ። ከመተላለፊያው ጫፍ፣ አጠገቡ እስኪደርሱ ድረስ የማይታይ ጠባብ የቆርቆሮ በር ነበር።

አስከሬኑ ከጓሮ ደረጃ ግርጌ ተኝቷል። ሟቿ ሰፈርተኛው «እትዬ ልኬ» የሚላት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ባል ያላገባች፣ ልጅ ያልወለደች፣ ፎቅ ላይ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር። በጀርባዋ ተንጋላለች። እግሮቿ ደረጃው ላይ ቀርተዋል፤ ጭንቅላቷ ሲሚንቶው ላይ ነው።

«አዳልጧት ነው» አሉ አከራይዋ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። «ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ዘንድ ነበርኩ። ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ወደ ጓሮም አልዞርኩም። ጠዋት ውሃ ልቀዳ ብወጣ…»

መርማሪዋ ተንበርክካ እጇን ከአስከሬኑ ጎን ወደ ሥር ሰደደች። «ልብሷ ረጥቧል፣ ከሥሯ ያለው ሲሚንቶ ግን ደረቅ ነው። የወደቀችው ዝናቡ ሳይጥል ነው። ደረቅ ደረጃ እንዴት አድርጎ ያዳልጣል፣ እናቴ? ደግሞ ደረጃ የሚወርድ ሰው በጭንቅላቱ ቁልቁል ሲወድቅ በፊቱ ነው፤ እሷ የወደቀችው ወደ ኋላዋ ነው።»

አከራይዋን አስከትላ ፎቅ ወጣች።

ፎቁ ላይ የስፌት መኪናዋ መርፌ ጨርቅ ውስጥ እንደተሰካ ቆሟል። አንዲት ወንበር አለች፤ ላይዋ ላይ ንጹሕ ትራስ ተደርጎባታል። ብዙ ብትን ጨርቅ ደግሞ በጥንቃቄ ተጣጥፎ አልጋው ላይ ተደርድሯል።

«ይህች ወንበር ሁልጊዜ ባዶ ናት?»

«ኧረ ጨርቅ እንደተከመረባት ነው የምትውለው። ደንበኛ ቆሞ ይለካል፤ እኔ ስመጣ አልጋው ላይ እቀመጣለሁ።»

«እንግዲያስ ትናንት ለማን ተለቀቀች?»

«እኔ ምን አውቄ። ሰው አይመጣባትም።»

«እዚህ ስትኖር ስንት ጊዜዋ ነው?»

አከራይዋ ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። «እንግዳዬ ናት። ለጊዜው ያረፈች።»

«እንግዳ የስፌት መኪና ተሸክሞ ፎቅ ይወጣል?»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። መርማሪዋም አልተጫነቻቸውም።

ታች ስትወርድ አንድ የቤት ደላላ ከፖሊሶች ጋር ቆሞ ነበር። ቤቱን ሊያሻሽጥ አከራይዋን ሲያግባባ ወራት አልፈውታል። ትናንት ጠዋትም ከሟቿ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቶታል።

«አልክድም፣ ተጨቃጭቄያለሁ» አለ። «ገዢ ባዶ ቤት ይፈልጋል፤ እሷ አልወጣም አለች። ግን እኔ ደላላ ነኝ፤ የምሠራው በምላሴ ነው እንጂ በእጄ አይደለም።»

«ከሰዓት በኋላስ?»

«ማዘጋጃ ቤት፣ መዝገብ ክፍል። የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ሳያጣራ የሚያሻሽጥ ደላላ መጨረሻው ፍርድ ቤት ነው። ጠይቂያቸው፤ ወንበሩ ከእኔ ጋር ተጣብቋል እያሉ ይቀልዱብኛል።»

ይህን ሲናገር የቆርቆሮው በር ተከፈተና ጥቁር ካፖርት የለበሰ ረጅም ሰው ገባ። የተሸፈነውን አስከሬን እንዳየ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ።

«እህቴ ናት?»

መርማሪዋ እስኪረጋጋ ጠበቀችው፤ ከዚያ ከወዴት እንደመጣ ጠየቀችው።

«የምኖረው ሩቅ ከተማ ነው። ተኳርፈን አሥር ዓመት አልተያየንም፤ የት እንደምትኖርም አላውቅም ነበር። ዛሬ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ገብቼ ከነዋሪዎች መዝገብ አስፈለግኋት። አድራሻዋን ይዤ በቀጥታ ወደዚህ መጣሁ። ምነው በአንድ ቀን በቀደምኩ!»

ሳይጠየቅ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። የሟቿ ስም፣ የቤት ቁጥርና የዕለቱ ቀን ሰፍሮበታል፤ ከሥሩ ማኅተም አለ። መርማሪዋ አንብባ መልሳ አጠፈችው።

«ለጊዜው እኔ ዘንድ ይቆይ» አለች።

የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ክፍል ሁለት መስኮት አለው፤ አንዱ ስለ ነዋሪ፣ ሌላው ስለ ንብረት መጠየቂያ። ማንም ሰው ወረፋ ይዞ፣ እገሌ የት ይኖራል፣ ያ ቤት የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው መስኮት ሠራተኛ ጥቁር ካፖርት የለበሰውን አልረሳችውም።

«ማኅተም ይደረግልኝ ብሎ ድርቅ አለ» አለች። «ሰው አድራሻ ሲጠይቅ እጁ መዳፍ ላይ እንኳ ጽፎ ይሄዳል። ማኅተም የሚለምን አይቼ አላውቅም።»

«ሰጥተሽው አነበበው?»

«ማኅተሙን አየና አጥፎ ኪሱ ከተተ።»

በሁለተኛው መስኮት መርማሪዋ የሟቿን ስም ሰጠች። አንድ ቤት ወጣ፤ እዚሁ ከተማ ያለ፣ ከአባት የተወረሰ፣ በወንድምና በእህት ስም የተመዘገበ። ወንድምየው ያቀረበው የሽያጭ ማመልከቻም የእህቱን ፊርማ አጥቶ ቆሟል። መርማሪዋ ወደዚያ ቤት ሄዳ በውስጡ ከሚኖሩት አረጋዊት ጋር ብዙ ተጫወተች፤ የወንድምና እህቱ አክስት፣ የእናታቸው እህት ናቸው። ከዚያ መኪናዋን ወደ ወንዙ ዳር ነዳች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በአከራይዋ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ሶፋው ላይ አንገቱን ደፍቷል፤ ደላላው ከመስኮቱ ጥግ ቆሟል፤ አከራይዋ የነጠላቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ። በሩን አንድ ፖሊስ ይጠብቃል።

«ትናንት ሟቿ ዘንድ እንግዳ መጥቷል» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «ጨርቁን አንሥታ፣ ትራስ አድርጋ ወንበር ለቃለታለች። ስለዚህ ደንበኛ አይደለም። አከራይዋም አይደሉም፤ እሳቸው የሚቀመጡት አልጋው ላይ ነው። ጠዋት የተጣላችው ደላላም አይደለም፤ ለእሱ ትራስ አታነጥፍም።»

«ቆሜም አታናግረኝም ነበር» አለ ደላላው።

«ያከበረችው ሰው ነው። ግን እናቴ፣ አሁን አንድ እውነት ይንገሩኝ። እንግዳዎ አልነበረችም።»

አከራይዋ በረጅሙ ተነፈሱ። «ሦስት ዓመት ተከራይታኛለች። የኪራይ ግብር ፈርቼ ሳላስመዘግባት ቀረሁ። እሷም ‹ግድ የለም› አለችኝ። ይኸው ነው ኃጢአቴ።»

«ስለዚህ በነዋሪዎች መዝገብ ላይ ሟቿ እዚህ አትኖርም፤ የቀረችው በድሮ አድራሻዋ ነው።» መርማሪዋ ወረቀቱን ለደላላው ሰጠችው። «ይህ የቤት ቁጥር የት ነው?»

ደላላው አንዴ ብቻ አየው። «ወንዙ ዳር፣ ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ።»

ወንድምየው ቀና አለ።

«አዎ… መጀመሪያ ወደዚያ ነበር የሄድኩት» አለ። «በድንጋጤ ሳልነግርዎ ቀረሁ። ጎረቤቶቿ ናቸው ወደዚህ የመሩኝ።»

«የትኞቹ ጎረቤቶች?» አለ ደላላው ቀስ ብሎ። «ባለፈው ክረምት ጎርፍ ጠርጎት የለም እንዴ! እዚያ አሁን ድመት እንኳ አይኖርም።»

«ሄጄ አይቼዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እርስዎ ወረቀቱን የፈለጉት ለማኅተሙ ነው፤ ትናንት የት እንደምትኖር አላውቅም ነበር ለማለት። ይህን ቤት ያውቁት ስለነበር ወረቀቱ የት እንደሚልክዎ ለማየት አልተጨነቁም። እኔ ዛሬ ጠዋት የተዘጋውን በር ስደበድብ ቆየሁ፤ አዲስ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እርስዎ ግን ማንም ሳይመራዎ በቆርቆሮው በር ገቡ።»

ፖሊሱ አናጢውን አስገባ። አናጢው ወንድምየውን ትክ ብሎ አየ።

«ትናንት ደመናው ሲከብድ ‹ልብስ ሰፊዋ በየት ነው› ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው። ደንበኛ መስሎኝ ነበር።»

«አክስታችሁን አነጋግሬያቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ። «የአባታችሁን ቤት የማትሸጠው ለእሳቸው ብላ ነው። ‹እኔ ቆሜ ጣራሽን ማንም አያነሣም› ትላቸው ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ‹ወንድሜን ልጠራው ነው፤ መኳረፍ ይበቃናል› አለቻቸው። የጠራችህ ልትታረቅህ ነው። ባልና ልጅ እንደሌላት፣ ድርሻዋም ለአንተ እንደሚተርፍ ታውቃለህ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። እንግዳ ሲሸኝ ፊት የሚወጣው እንግዳው ነው። እሷ እንዴት ፊቷን ወደ አንተ አዙራ፣ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ቆመች?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» መውረዷን ሁሉም ሰምተዋል። ሰውየው እጆቹን አየ።

«ፈርሚ አልኳት፣ እምቢ አለች» አለ። «ተናድጄ ልወጣ ስነሣ ቀድማኝ ወጣች። ደረጃው አፍ ላይ ቆማ እጆቿን ዘረጋች። ‹ሳንታረቅ አትሄድም› አለችኝ። ትስቅ ነበር… እኔ ዞር በይ ብዬ ገፋኋት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ዝናቡ መጣ።»

«ድምፅህን ብታሰማ አናጢው ከአጥር ማዶ ነበር። አንተ ግን ሰው ልትጠራላት ሲገባ፣ አድረህ ማኅተም ልታስመታ ሄድክ። ተነሥ።»

ተነሣ። አናጢው ከበሩ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት።

በማግስቱ አከራይዋ አክስቲቱን በክንዳቸው ደግፈው ወደ መዝገብ ክፍሉ መጡ። የሞት ምዝገባው የሚፈጸመው በነዋሪዎቹ መስኮት ነው። ሠራተኛዋ የልብስ ሰፊዋን ስም ጻፈችና ቀና አለች።

«የሟቿ መኖሪያ?»

«እኔ ቤት» አሉ አከራይዋ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስት ዓመት ጀምሮ።»

ሠራተኛዋ ብዕሯን አንሥታ ቆመች። «እማማ፣ ሳያስመዘግቡ ማኖር ቅጣት አለው።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ አከራይዋ። «እኔ ዘንድ እንደነበረች ጻፊልኝ።»