ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው

ሰምበሌጥ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያልለበሰችውን የዝናብ ልብስ እንደለበሰች ሁሉ ከጉልበቷ እስከ አገጯ ቁልፉን ስትቆልፍ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የጭውውቱ መሪ፣ ሁሉም አለቃ የሚሏት ልጅ፣ ግድግዳ ተደግፋ ሆዷን ይዛለች። ጭውውቱን የሚያለማምዷቸው መምህርት፣ ቲቸር፣ ራሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሰምበሌጥ ድምፅዋን አጎርንና የጂኦግራፊ መምህሩን ሆነች። «አንቺ! ፀሐዩ አናት እየበሳ ምን ሆነሽ ነው የዝናብ ልብስ የለበስሽው?» ከወንበሯ ተነስታ በመምህሩ አረማመድ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ አንገቷን አስግጋ ሰማዩን ፈተሸች። አንዲት ደመና የለችም። ግራ ተጋብታ ወደ ልጅቷ ተመለከተች፣ እንደገና ወደ ሰማዩ። ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ከዚያ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ቁጭ አለችና ልጅቷ የምትመልሰውን ልትመልስ አፏን ከፈተች። ቃሉ ጠፋባት።

ከመጋረጃው ጀርባ፣ ቃል ለጠፋባት የምታንሾካሹከው ልጅ ነገረቻት።

«ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው።»

ሰምበሌጥ ክው አለች። ድምፁ ከወረቀት ላይ የሚያነብ ሰው ድምፅ አልነበረም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ሰባተኛ ክፍል እያሉ፣ ከአጠገቧ ካለው ወንበር፣ ከዚሁ አፍ ሰምታታለች።

«በይ እንጂ» አለቻት አለቃ እየሳቀች።

«ዝናብ ይመጣል ብዬ ነው» አለች ሰምበሌጥ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ግን ምንም አልተሰማም።

ጭውውቱ የሴት ልጆች ብቻ ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ቲቸር ናቸው። «ወንድ ልጅ መድረክ ላይ ሱሪው ቢወልቅ ሰው ይሞታል በሳቅ» አሉ መጀመሪያ የሰበሰቧቸው ዕለት። «ሴት ልጅ ስትደናቀፍ ግን ‹ውይ በሞትኩት› ነው። ከዚያ ዝም። እኛ ላብ አያልበንም? ፀጉር አያበቅልብንም? ጉድ አይደርስብንም? ይደርስብናል፤ የሚያወራው ነው የጠፋው።» ቀጥለው አንድ ሕግ አወጡ፦ እያንዳንዷ የራሷን ጉድ ታመጣለች፣ የሰው ጉድ አይፈቀድም። «ሴት ልጅ በራሷ ስትስቅ አዳራሹ አብሯት ይስቃል» አሉ። «በሌላዋ ስትስቅ ግን ጥርሱን ብቻ ነው የሚያሳያት።»

አለቃ የላይኛው ከንፈሯን ፀጉር በአባቷ ምላጭ ላጭታ፣ እግረ መንገዷን ቅንድቧንም ይዛው የሄደችበትን ቀን ሰጠች። ድብልብል የሚሏት ደግሞ የመጀመሪያ ጡት ማስያዣዋን ልትገዛ ሱቅ ስትገባ ሻጩ የአባቷ ጓደኛ ሆነው ብታገኛቸው ደንግጣ «ለወንድሜ ነው» ማለቷን አመጣች። ተራው የሰምበሌጥ ሲሆን ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ሰምበሌጥ ቀጭንና ረጅም፣ ፊቷን እንደ ጎማ የምትለጥጥ፣ የክፍሉ አስቂኝ ናት። ከእሷ የሚጠበቀው ትልቁ ነበር።

የራሷ ጉድ ነበራት። ሊወጣላት ግን አልቻለም። ስለዚህ የወር አበባዋ ክፍል ውስጥ ስለመጣባት፣ ቀሚሷን ሽንት ቤት አጥባ የሚደርቅበት ብታጣ፣ እላዩ ላይ ቢጫ የዝናብ ልብስ ደርባ በጠራራ ፀሐይ ስትቀቀል ስለዋለች ልጅ ተናገረች። «የኔ ነው» ብላ ጨመረች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«የሚያስቀው የዝናብ ልብሱ ነው» ብለው ነበር ቲቸር። «እንዲህ ያለ ነገር በፈጠራ አይመጣም። የኖረው ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው።»

የኖረችው ከመጋረጃው ጀርባ ያለችው፣ ዝምታ የሚሏት ልጅ ናት። ስሙ የወጣላት በምክንያት ነው፤ ከአፏ ቃል በስንት ምጥ ነው የሚወጣው። ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ እንደረጠበ፣ ለሰምበሌጥ ብቻ ነገረቻት። ሌላው ሁሉ ዛሬም ድረስ የሚያውቀው ዝናብ ፈርታ መልበሷን ነው። ለሳምንት ያህል ሙድ ያዙባትና ረሱት። ሰምበሌጥም ማን ያስታውሳል ብላ ነበር። ሁልጊዜ የምታንሾካሹከው ልጅ ጉሮሮዋን ታማ ቀርታ፣ ቲቸር ደግሞ ዛሬ በእሷ ቦታ ዝምታን እንደሚያመጡ በምን ታውቃለች?

ልምምዱ አልቆ ወንበር ሲደራረብ፣ በጭውውቱ መሐል ከሚዘምሩት ልጆች መካከል የነበረች አንዲት ልጅ ወደ ሰምበሌጥ መጣች። ራዲዮ ነው የሚሏት፤ ወሬ እሷ ዘንድ ገብቶ አድሮ አያውቅም። ሁሉም ካቆሙ በኋላ ብቻዋን እየሳቀች ነበር።

«በናትሽ፣ ያ የዝናብ ልብስ» አለች ራዲዮ። «የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ። ሰባተኛ ክፍል... አንዲት ልጅ ቢጫ ለብሳ አልዋለችም?»

«እኔ እንጃ።»

«እንዴ፣ አንድ ክፍል ነበርን እኮ! አንቺ አልነበርሽም የለበስሽው። አንቺማ ያን ጊዜም እንዲሁ ቀውላላ ነበርሽ፣ አልረሳሽም።» ራዲዮ ግንባሯን ቋጠረች። «ምላሴ ላይ ናት። ነገ ልጆቹን እጠይቃለሁ።»

ፈገግ ብላ ሄደች። የክፋት ፈገግታ አልነበረም፤ የጠፋ ዕቃዋን ለማግኘት የተቃረበች ሰው ፈገግታ ነበር። ሰምበሌጥን ያስፈራትም ይኸው ነው።

ዝምታ መድረኩ ላይ መጋረጃውን ወደ ጥግ ሰብስባ በገመድ ታስራለች። ሰምበሌጥ ወደ እሷ ወጣች።

«አልተናደድሽም?»

ዝምታ ቋጠሮውን አጠበቀች። «ሲያስቅ ሰማሁት» አለች። «መምህሩ መስኮት ሄዶ ሰማይ ማየቱን ረስቼው ነበር። ልስቅም ምንም አልቀረኝ።»

«ልነግርሽ አስቤ...»

«ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር። ለዚህ ነው ያልጠየቅሽኝ።»

ሰምበሌጥ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ራዲዮ ልታስታውስ ነው» አለች ዝምታ። «ያን ጊዜ ለምን እንደለበስኩት የሚያውቅ አልነበረም። ነገ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያውቃል። ወንዶቹም። ከዚያ ወዲያ እዚህ ትምህርት ቤት የምመጣ ይመስልሻል?» ቦርሳዋን አነሳች። «ነገ ግን እመጣለሁ። መጋረጃውን የሚስብ ሌላ ሰው የለም።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሰምበሌጥ ግን ያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ጩኸትን በወደደች፤ ዝምታ ብትሰድባት፣ ፀጉሯን ብትነጫት ይሻላት ነበር።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። የቤታቸው የፊት ክፍል መሐሉ በመቁረጫ ጠረጴዛ ተይዟል፤ ምሳም ራትም የሚበላው ከጨርቁ ተርፎ ባለው ጥግ ላይ ነው። ሰምበሌጥ ስትገባ እናቷ ለጭውውቱ የታዘዘውን ቢጫ የላስቲክ ጨርቅ ሰፍታ ልትጨርስ ጠርዙ ብቻ ቀርቷታል። ከንፈሯ ላይ ስፒል ደርድራለች።

«ነይ ልበሺው፣ ልለካው» አለች እናትየዋ በጥርሷ መካከል።

ላስቲኩ ገና ሲነካት አላባት። እናቷ ተንበርክካ ጠርዙን በስፒል መያዝ ጀመረች።

«የማን ታሪክ ነው የምትሠሩት?»

«ጭውውት ነው እማዬ።»

«እሱማ ነው። አለቃ የምትሏት ልጅ መንገድ ላይ አግኝታኝ ‹የልጅዎ የወር አበባ ታሪክ ነው፣ አልቀናል› አለችኝ።» እናቷ የመጨረሻውን ስፒል ከአፏ አወጣች። «የአንቺ ደግሞ ገና ነው።»

ሰምበሌጥ ሞቃቱ ላስቲክ ውስጥ እንደቆመች ደረቀች። የእሷ ጉድ ይኸው ነበር። አሥራ አምስት ዓመቷን ደፍናለች፤ የወር አበባዋ ገና አልመጣም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ሲጀምሩ፣ እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ፣ እሷ ስትቀርብ «አንቺ አይገባሽም» ሲሏት ከረመች። አንድ ቀን ስፖርት ሜዳ ላይ ሆዷን ይዛ ወደቀች። ስታያቸው ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያደርጉት። ችግሩ የያዘችው ቀኝ ጎኗን ነው። የትምህርት ቤቱ ነርስ ጫን ሲያደርጉት፣ ጎበዝ ተዋናይ ናትና፣ ሰፈር የሚያስበረግግ ጩኸት ጮኸች። ነርሷም ትርፍ አንጀት ነው ብለው በአምቡላንስ ሆስፒታል ሰደዷት። ምግብ ተከለከለች። ሐኪሙ ስለ ኦፕራሲዮን ማውራት ሲጀምር ሰምበሌጥ አልጋው ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ «ለቀቀኝ» አለች። በማግስቱ ጓደኞቿ ጭማቂ ይዘው ሊጠይቋት ሲመጡ ግን «የኔ ከባድ ነው» አለቻቸው፣ ዓይኗን ጨፍና። ከዚያ ወዲህ ከሁሉም በላይ የምትከበር እሷ ሆነች። ቦርሳዋ ውስጥ ያልተከፈተ ሞዴስ ይዛ ትዞራለች፤ ለቸገራት ታድላለች፤ ምክር ሳይቀር ትሰጣለች።

ያን ዕለት ሆስፒታል ሐኪሙ «የወር አበባ ታያለች?» ሲል «ገና ናት» ብላ የመለሰችው እናቷ ነበረች። አይታ፣ ገብቷት፣ እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈሰችም።

«እማዬ፣ ልጆቹ ቢያውቁ ይስቁብኛል።»

«ይስቃሉ» አለች እናቷ። ቆማ የአንገቱን ቁልፍ ቆለፈችላት፣ አየቻት፣ መልሳ ፈታችው። «የሰው ወርቅ አያደምቅም። ቀጥ ብለሽ ቁሚ፣ ስፒሉ ይወጋሻል።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ሰምበሌጥ በመጋረጃው ስንጥቅ ስትመለከት ከፊት ያሉትን ሁለት ረድፎች አወቀቻቸው። የድሮ ክፍላቸው ልጆች ነበሩ፤ ሴቱም ወንዱም፣ አንድ ላይ። እርስ በርስ እየተጠያየቁ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዱ ልጅ እጁን ከአገጩ እስከ ጉልበቱ እያወረደ ቁልፍ ሲቆልፍ ያሳያል።

«እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው» አለች ራዲዮ ከኋላዋ። ደስታዋ ፊቷ ላይ ይነበባል። «ልብሱን ሲያዩት አንዳቸው ማስታወሳቸው አይቀርም።»

ዝምታ የመጋረጃውን ገመድ ይዛ ቦታዋ ላይ ቆማለች። ወደ ረድፎቹ አልተመለከተችም። ገመዱን ግን እጇ ላይ ሁለቴ ጠምጥማዋለች።

ድብልብል ከመድረክ ስትወርድ ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር። «ቀወጥኩት አቦ» አለች እያለከለከች። አለቃ ቢጫውን ልብስ ለሰምበሌጥ ዘረጋችላት። «ቶሎ በይ፣ ተራሽ ነው።»

ሰምበሌጥ አልተቀበለችም።

«ይሄ የኔ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ታሪኩ። የኔን ነው የምሠራው።» ልብሱን ወደ አለቃ ገፋችው። «የወር አበባዬ መጥቶ አያውቅም። ሆስፒታል የሄድኩት ውሸቴን ነው። ሁሉም ውሸት ነበር።»

አለቃ ቀልድ መስሏት ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የሰምበሌጥን ፊት ስታይ ዘጋችው። «እኔ ያን ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ ነበር ያደርኩት፣ ትሞቺያለሽ ብዬ» አለች ቀስ ብላ። «ምን ዓይነት ሰው ነሽ?»

ሰምበሌጥ ይህን ያህል ያማል ብላ አልጠበቀችም፤ አመማት።

«ታዲያ የዝናብ ልብሷ ልጅ ማናት?» አለች ራዲዮ ጠጋ ብላ።

«ማንም አይደለችም። ፈጥሬያት ነው።»

ቲቸር ሰምበሌጥን አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ገመዱን ወደያዘችው ልጅ ሄደ፤ እዚያ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። ቢጫውን ልብስ ከአለቃ እጅ ወስደው አጥፈው ብብታቸው ውስጥ ያዙት።

«ያልተለማመድሽው ነገር ነው» አሉ። «ላያስቅም ይችላል።»

«አውቃለሁ።»

«ከነገ ጀምሮ ደግሞ የምትጠሪበትን ስም አስበሽዋል?»

አስባዋለች። ከትናንት ጀምሮ ሌላ ያሰበችው ነገር አልነበረም። ወደ ዝምታ ዞረች። ዝምታ አልሳቀችም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም። ገመዱን ሳበችው።

መብራቱ ፊቷ ላይ ወደቀ። ከፊት ረድፍ ያሉት የዝናብ ልብሱን ሲያጡ ማጉረምረም ጀመሩ። ሰምበሌጥ ወደ መድረኩ መሐል ሄደች። አሁን ቃል ቢጠፋባት ከመጋረጃው ጀርባ የሚነግራት የለም፤ ይህን ታሪክ ከእሷ በቀር ከዳር እስከ ዳር የሚያውቀው ሰው እዚያ የለም። ቀኝ ጎኗን በሁለት እጇ ያዘች፣ ፊቷን አጨማደደች፣ መልሳ ለቀቀችው።

«እኔ» አለች፣ «ምንም ሳይኖረኝ ከሁሉም በላይ ያመመኝ ሰው ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። ሰምበሌጥ ትንፋሿን ሰበሰበችና ቀጠለች።