ሂሎ፣ ለስድስት ሩብ ጉዳይ

ብርቅታይት ሃዋይ፣ ሂሎ ወደብ ላይ ከሽርሽር መርከቡ የወረደችው ፈርታ ነው። ከላስ ቬጋስ ያመጣቻቸው እናቷ፣ ወይዘሮ ጽጌወይን፣ ክንዷን ይዘዋል። አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ደግሞ ኤልሳዕ እንደማያውቃቸው ሰው ሆኖ ይከተላል።

ኤልሳዕ ዲለር ነው፤ ካዚኖ ውስጥ ለቁማርተኛ ካርታ ያድላል። ወይዘሮ ጽጌወይን መልኩን እንኳ ሳያዩ «ከቁማር ቤት የሚመጣ አማች አልፈልግም» ካሉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ዛሬ ጠዋት ግን ብርቅታይትን ለብቻዋ አግኝቶ፣ «አብሬሽ መሆኔን እስከ ቀትር ካልነገርሻቸው ራሴ እነግራቸዋለሁ። መደበቅ ሰለቸኝ» ብሏታል።

አስጎብኚዋ የሂሎ ተወላጅ ናት። ከቬጋስ መሆናቸውን ስትሰማ፣ «ግማሹ ዘመዴ እዚያ ነው» ብላ ሳቀች። ጉንጉን አበባ አጠለቀችላቸው፤ ፏፏቴውን አሳየቻቸው። ባሕሩ ዳር ሲደርሱ ምሰሶ ላይ አንድ መሥራት ያቆመ ሰዓት ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት ማዕበል ከተማዋን ሲጠራርግ የቆመ ነው አለች።

ወይዘሮ ጽጌወይን አማተቡ። «እዚህ ነው ለሽርሽር ያመጣሽኝ?»

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

«መጀመሪያ ጉልበቴን ላሳርፈው» ብለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ብርቅታይት ዞር አለች። ኤልሳዕ አንድ ዋርካ ሥር ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ያያል። ለስድስት ሩብ ጉዳይ። ቀትር ሊሞላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

የማዕበል ማስጠንቀቂያው ሳይረን የጮኸው ያኔ ነው፤ ከወደቡም፣ ከዳገቱም፣ ከየአቅጣጫው።

እግሯ ቀደማት። ዋርካው ሥር ስትደርስ ኤልሳዕ የለም፤ በአጠገቧ አልፏት ሮጧል። ዘወር ስትል እናቷን እንደ ሕፃን አዝሎ ዳገቱን ሲወጣ አየችው። ተከትላ ሮጠች።

«ሙከራ ነው» አለች አስጎብኚዋ ከኋላቸው። «በወር አንዴ ይፈትሹታል። አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።»

ሳይረኑ ቆመ። ኤልሳዕ እያለከለከ ቆመ፤ ወይዘሮ ጽጌወይን ግን ከጀርባው አልወረዱም። ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት።

«እኔን ወንበር ላይ ትተሽ ወደ እሱ ሮጥሽ።»

ከዚያ ወደ አዘላቸው ሰው ጎንበስ አሉ።

«አንተስ? እሷን አልፈህ ወደ እኔ ምን አመጣህ?»

«እሷ መሮጥ ትችላለች፣ እማማ። እርስዎን ጉልበትዎን ያምዎታል።»

«ጉልበቴን ማን ነገረህ?»

ኤልሳዕ አቀረቀረ።

«ዲለሩ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

ወይዘሮ ጽጌወይን ባሕሩን ተመለከቱ። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ተኝቷል።

«ቬጋስ ስንገባ ሽማግሌ ላክ» አሉ። «በመጀመሪያው ቀን እሺ አልልም፤ ይመላለሱ። አሁን ወደ መርከቡ ውሰደኝ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞር አሉ። «ቦርሳዬ እዚያው ቀርቷል። አንቺ እሱን አምጪ።»

ብርቅታይት ወደ ወንበሩ ተመለሰች። ቦርሳውን አንሥታ፣ አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሆና ተከተለቻቸው።