ለጥንቸሏ የማይሰጥ

መቶ አለቃ ለይኩን አስከሬኑ ላይ ጎንበስ ሲል መጀመሪያ ያየው ዓይኑን ነው። የጓድ ገበየሁ ብሌኖች ከመስፋታቸው የተነሳ ቡናማው ቀለም ጠፍቶ ሁለት ጥቁር ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፤ ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቋል። ከጥፍሮቹ ሥር ከብርድ ልብሱ የተነጨ ክር ተሸጉጧል። ለይኩን ሁሉንም በማስታወሻው ላይ አሰፈረ። ሲጽፍ አይቸኩልም፤ ባልደረቦቹ «ለይኩን ዝንብ ቢገድል የክንፉን ርዝመት ይመዘግባል» እያሉ ይቀልዱበታል።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ምሳውን በላ፤» አለች የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ የኔነሽ። እንባ የለም። በጉንጯ ላይ የቆየ ሰንበር አለ። «ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ውሃ ውሃ አለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ወባ ነው ብለን ኪኒን ሰጠነው፤ አልሆነም። ከአየር ላይ ክር እንደሚለቅም ሰው እጁን ያወናጭፋል። ደግሞ ወሬው! አፉ አልተዘጋም።»

«ምን ያወራ ነበር?»

ሴትዮዋ በሩ ላይ ወደቆመው ወደ እሱባለው አየች። እሱባለው የገበየሁ ጠባቂ ነው፤ ከ1970 ጀምሮ ከጎኑ አልተለየም።

«የሰው ስም ይጠራ ነበር፤» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ቅዠት ነው ጓድ መቶ አለቃ፤» አለ እሱባለው። «ቅዠት ደግሞ አይጻፍም።»

«የሚጻፈውን እኔ እመርጣለሁ። ሐኪም ቤት ያልወሰዳችሁት ለምንድነው?»

«የቀበሌው መኪና ለቡና ለቀማ ዘመቻ ሰው ጭኖ የቡ ከተማ ድረስ ሄዶ ነበር። ሲመለስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። እሳቸውም ያኔ አለፉ።»

ለይኩን ማስታወሻውን ከደነ። «ወባ አይደለም። አስተናግር ነው የበላው፤ የሚያስለፈልፈውን መርዛማ ቅጠል።»

«እኛም ጠርጥረናል። ገዳይዋንም ይዘናል፤ ማድ ቤት ታስራለች።»

«እንዴት አወቃችሁ?»

«ጥንቸሏ ነገረችን፤» አለ እሱባለው፤ ፈገግም አላለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበየሁ በ1970 የአብዮት ጥበቃ አዛዥ ሆኖ የአወቱ መንደራ ሰፈርን ወጣት ከየቤቱ ያስለቀመ ሰው ነው። አራት ዓመት አልፎም ጀርባውን ለሰው አይሰጥም። ከሰው ቤት እህል አይቀምስም። ጨጓራው ሲታመም ሐኪም ያለ በርበሬ የተቀቀለ ጎመን ብላ አለው። ምግቡን ቀድማ የምትቀምስለት ድመት ነበረችው፤ ድመት ግን ጎመን አትነካም። ከሦስት ወር በፊት ጎረቤቱ አቶ ወልደሰማያት ይህን በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ሰምተው ጥንቸል ይዘውለት መጡ። ከዚያ ወዲህ ደንቡ አንድ ሆነ። ሽማግሌው በየጠዋቱ ለጥንቸሏ አንድ ቅርጫት ጎመን ያመጣሉ። ጥንቸሏ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ትበላለች። እስከ ስድስት ሰዓት ደህና ከሆነች የቀረው ተቀቅሎ ለገበየሁ ይቀርባል።

«ትናንት ጠዋትም በላች፤ ይኸው ዛሬም ትዘላለች፤» አለ እሱባለው። «ስለዚህ መርዙ የገባው ጥንቸሏ ከበላች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ቅርጫቱን የነካችው ሠራተኛዋ ሀዋ ብቻ ናት። ነገ ጠዋት የሚወስዷት ሰዎች ይመጣሉ። አለቃዎም ያውቃሉ።»

አለቃው በስልክ የነገሩትም ያንኑ ነበር፤ እስከ ነገ ጠዋት። የሚመጡት ሰዎች መዝገብ አይከፍቱም፤ የወሰዱትንም አይመልሱም።

ለይኩን ወደ በረንዳው ወጣ። ግራጫዋ ጥንቸል በአቮካዶ ዛፍ ጥላ ሥር፣ በእንጨት ቤቷ ውስጥ ደረቅ ሣር ታኝካለች። ወይዘሮ የኔነሽ ተከትላው መጥታ ጣቷን በሽቦው አሾለከች።

«ድምቡሼ ነው የምላት። በዚህ ቤት ደህና ቃል የምነግረው ፍጥረት እሷ ብቻ ናት።»

ከጥንቸሏ ቤት በላይ በምስማር የተመታ ወረቀት አለ። ጽሑፉ ቀጥ ያለ፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው የተጻፈ ነው።

«ዋና ምግቧ ደረቅ ሣር፤ ቀንም ሌትም ከፊቷ አይጥፋ። ንጹሕ ውሃ። ጎመን ጠዋት ብቻ፣ አንድ እፍኝ። ካሮት በሳምንት ሁለቴ፣ ከአውራ ጣት አይብለጥ። የማይሰጥ፦ የአቮካዶ ቅጠልና ፍሬ። የድንች ቅጠል። ሽንኩርት። ጉሎ። ጤዛ ያለበት ሣር። ዳቦ።»

ለይኩን ወረቀቱን ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

ሀዋ ማድ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ የታሰረበትን ገመድ ፈታላት።

«አገርሽ የት ነው?»

«ሰቃ።»

«ወንድም ነበረሽ ይላሉ።»

«ሸኩር። በሰባ ወሰዱት። እኚሁ ሰውዬ ናቸው የወሰዱት።»

«እያወቅሽ እዚህ ቤት ልታበስይ ገባሽ?»

«አንድ ቀን አምልጧቸው የት እንደጣሉት ይናገራሉ ብዬ ነው። እናቴ ከሰገደች በኋላ የምትለምነው እሱን ብቻ ነው፤ መቃብሩን። ሁለት ዓመት ጠበቅኩ። ወላሂ መርዝ አላስገባሁም። ከሞቱ በኋላ ማን ይነግረኛል?»

«ጎመኑን ስትቀቅይ ምን አስተዋልሽ?»

«ሽታው ልክ አልነበረም፤ ይከረፋል። ነገርኳቸው። ‹ጥንቸሏ በልታዋለች አይደል? አንቺ ከእሷ ልትበልጪ ነው?› ብለው ሳቁብኝ።»

«ቅጠሉን አላወቅሽውም?»

«ተከትፎ ነው የመጣው። ድሮ ሙሉ ቅጠል ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ነው ደቅቆ የሚመጣው።»

የለይኩን እርሳስ ቆመ። «ሲቃዥ አጠገቡ ማን ነበር?»

«ሁላችንም እንገባ እንወጣ ነበር። አባባ ወልደሰማያት ግን ከመጡ በኋላ አልተነሱም። የጓድን ግንባር በውሃ እያበሱ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉ በጆሯቸው ያናግሯቸው ነበር።»

«ምን እያሉ?»

«አልሰማሁም። እኔ ስገባ ዝም ይላሉ።»

አቶ ወልደሰማያት አጥሩን ተሻግሮ ባለው ግቢያቸው የታጨደ ሣር ፀሐይ ላይ ይገለብጣሉ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ራሳቸው ትኩስ ተላጭቶ ያብረቀርቃል።

«በአንድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥንቸል ሳረባ ኖሬያለሁ ልጄ፤» አሉ። «ሆዷ ብርጭቆ ነው። አዲስ ቤት ስትገባ ደግሞ ይብስባታል። ሰው ይወዳትና ያገኘውን ሁሉ ያጎርሳታል፤ ዳቦ፣ ካሮት። በፍቅር ይገድላታል። ሣር ነው የሚያኖራት።»

«ጎመኑን መክተፍስ ያስፈልጋል?»

የሽማግሌው እጅ ሣሩ ላይ ቆመ። «ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ ካላኘከች ይጎዳታል። አያስፈልግም።»

«መቼ ተላጩ አባባ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ለገበየሁ?»

«ሐዘን ነው፤» አሉና ሣራቸውን መገልበጥ ቀጠሉ።

ለይኩን ተመልሶ የገበየሁን ግቢ በወረቀቱ እየተመራ ዞረ። አቮካዶው በረንዳው አጠገብ። ድንቹና ሽንኩርቱ ከማድ ቤቱ ጀርባ። ጉሎው አጥሩ ሥር። እያንዳንዱን ባገኘ ቁጥር ምልክት አደረገ። መጨረሻ ላይ ሽንት ቤቱ አጠገብ በዝቶ የበቀለ ቁጥቋጦ ጋ ደረሰና ቆመ። ጎንበስ ብሎ ግንዶቹን አንድ በአንድ ቆጠረ፤ የተቀነጠሰም ፈለገ። ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ በመሐረብ ይዞ ቆረጠ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። ሀዋ ደረጃው ላይ፣ እሱባለው ቆሞ፣ ወይዘሮ የኔነሽና አቶ ወልደሰማያት አግዳሚው ላይ። ለይኩን የጥንቸሏን ቤት ከፈተና ቅርንጫፉን ፊቷ ላይ አኖረው። ነጭ አበባው እንደ ጡሩምባ ተንጠልጥሏል።

«አስተናግር!» ወይዘሮ የኔነሽ ብድግ አለች። «ምን አደረገችህ? አንሳ! አንሳባት!»

ሀዋም ልትነጥቀው ዘለለች። «ማሎ ጌታዬ! ትሞታለች!»

«ማስረጃችን እኮ ናት!» ጮኸ እሱባለው።

ለይኩን እጁን ዘርግቶ አገዳቸው። ድምቡሼ ቅጠሉን አሸተተችና ከጫፉ ጀምራ ቆረጣጠመችው። አቶ ወልደሰማያት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳኖሩ ነበር።

«አሳድገው ያመጧት እርስዎ ነዎት አባባ፤» አለ ለይኩን። «ሦስቱ ሲጮሁ እርስዎ አልተነቃነቁም።»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ከጥንቸሏ አልነቀሉም።

ለይኩን ወረቀቱን ዘረጋ። «እሱባለው፣ ስሌትህ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ሰውን የሚገድል ጥንቸልንም ይገድላል በሚል። እኔም ጠዋት አምኜ ነበር። ይህን ወረቀት ሳነብ ግን ተጠራጠርኩ። የጻፈው ሰው ግቢውን ዞሮ አይቷል፤ አቮካዶ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጉሎ። ጥንቸሏን የሚጎዳ አንድም አልቀረውም። ከሁሉ በዝቶ የበቀለው ግን አስተናግር ነው፤ መርዝነቱን የማያውቅ ሕፃን የለም። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው እንዴት ዘለለው? ረስቶ አይደለም። እሷን እንደማይጎዳ ስላወቀ ነው።»

«ታዲያ ሀዋ እዚሁ ግቢ ቀንጥሳ ቢሆንስ?» አለ እሱባለው።

«አንድም ቅጠል አልተቀነጠሰም፤ ቆጥሬዋለሁ። ትናንት ጠዋት ሀዋ ከግቢ ወጥታለች?»

እሱባለው ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። በሩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

«ስለዚህ ቅጠሉ የመጣው ከውጭ ነው፤ በቅርጫቱ። ቅርጫቱን በር ላይ የተቀበልከው አንተ ነህ፣ ለጥንቸሏ የሰጡት ወይዘሮ የኔነሽ ናቸው። ሁለታችሁ ግን አሁን እንዳትሞት ፈርታችሁ ጮኻችኋል። ጥንቸሏ ትሞታለች ብሎ የሚያምን ሰው ከመቀመሷ በፊት መርዝ አይጨምርም፤ ወዲያው ይነቃበታል። ሌላም አለ። ጎመኑ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ተከትፎ ይመጣል። የጥንቸል መክተፊያ አፏ ውስጥ ነው ያለው። የተከተፈው ሀዋ ቅጠሉን እንዳትለይ ነው። ከመርዙ በፊት አንድ ሳምንት አስቀድሞ አስለመዳቸው።» ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ስለ ራስዎ መላጨትም ጠይቄዎታለሁ። ለጎረቤት ራስ አይላጭም። ትናንት ከገበየሁ አፍ የሰሙት መርዶ የማን ነው?»

ወልደሰማያት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ።

«የልጄ፣ የተናኘ።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «አስተማሪ ነበረች። በሰባ ቢሮው ስድስት ቀን ተመላለስኩ፤ ቀና ብሎ አላየኝም። አራት ዓመት ትኑር ትሙት ሳላውቅ ጸጉሬን ተሸክሜ ዞርኩ። ሦስት ወር በየጠዋቱ በሩ ላይ ቆምኩ፤ አሁንም አላወቀኝም። ‹አባባ፣ ጎመንዎ ይጣፍጣል› ይለኝ ነበር።»

«ጥንቸሏስ?»

«ሁሉም ጥንቸሎች አስተናግርን አይችሉትም። እሷን ከነእናቷ አውቃታለሁ፤ ከአርባ መርጬ ነው ያመጣሁለት። እንዲናገር ፈለግኩ። እሱ ስንቱን ገርፎ አናገረ? እኔ አልገረፍኩትም፤ ግንባሩን እያበስኩ ጠየቅኩት። ነገረኝ። ሲሞትም ተቀምጬ አየሁት።»

«ቅዠት ነው!» አለ እሱባለው።

«አንተንም ጠርቶሃል። ‹እሱባለው፣ ጥልቅ አድርገህ ቆፍር› ነበር የሚለው። አንተ ጎመን ስለማትወድ ተረፍክ።»

እሱባለው ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ።

«ሀዋ ነገ ልትወሰድ ነበር፤» አለ ለይኩን። ድምፁ አሁን ጠንከር ብሏል። «እያወቁ ሣር ይገለብጡ ነበር።»

«ዛሬ የልጄን አጽም ላወጣ፣ ነገ በጠዋት ራሴ ልመጣ ነበር።»

ለይኩን ይህን አልጻፈም፤ ማረጋገጫ የለውም። «‹አስተናግር አይሰጥ› የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

«ለጥንቸል መኖ የሐሰት ወረቀት ጽፌ አላውቅም፤» አሉ ሽማግሌው።

«ቦታው የት ነው?»

«ከአወቱ ወንዝ ማዶ። ከአሮጌው የጡብ ምድጃ ጀርባ፣ ሾላው ሥር።»

«ይሄ አይጻፍም!» እሱባለው አንድ እርምጃ ተጠጋ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ለራስዎ ይወቁ!»

ለይኩን መስመሩን ጨርሶ ቀኑንና ሰዓቱን ጨመረበት። «ተጽፏል።»

ሽማግሌው ራሳቸው እጃቸውን ለካቴናው ዘረጉ። ወደ ወይዘሮ የኔነሽ ዞረው «ነገ ቅጠል አትስጪያት፤ ሣርና ውሃ ብቻ፤» አሏት። እሷ ድምቡሼን አቅፋ ፊቷን በጥንቸሏ ጸጉር ውስጥ ቀብራለች።

ሀዋ ከደረጃው ተነሳች። ነጻ ናት፤ በሩ ክፍት ነው። እሷ ግን ሄዳ ሽማግሌው ፊት ቆመች። ልትሰድባቸው የመጣች መሰለ።

«አባባ። ሸኩርንስ ጠርቶታል?»

የወልደሰማያት ፊት ያኔ ተሰበረ። «ጠርቶታል ልጄ። ከተናኘ ጎን ነው ያለው።»

ሀዋ አላለቀሰችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና ወደ እሱባለው ዞረች።

«ያኔ የቆፈርክበት አካፋ የት ነው ያለው?» አለችው። «አምጣው። ቀድመህ ሂድ፤ መንገዱን አንተ ታውቀዋለህ።»