የሁለት ወንድማማቾች አንድ ዘፈን

በሴጉ ከተማ፣ በትልቁ ወንዝ ዳር፣ ለልጅ ከመሬት ይልቅ ዘፈን የሚወረስበት ቤት ነበር። ሽማግሌው ባንጁጉ ከአባት ከአያት አዝማሪ ናቸው። የጥንት ወታደሮችን ሞትና ጀግንነት ንጎኒ በምትባል ባለ አራት ክር መሣሪያ እያዜሙ ልጆቻቸውን አሳደጉ። ታላቁ ፋሞሮ እጅ ተሰጠው፤ ጣቶቹ ክር ሲነኩ ፈረስ የሚጋልብ ይመስላል። ታናሹ ሲራማን ደግሞ ድምፅ ተሰጠው። እሱ አፉን ሲከፍት ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ፤ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ከተቀመጡበት ይነሳሉ። ፋሞሮ ግን በየሠርጉ ደጃፍ የሚቀበለው ሰላምታ አንድ ነበር፤ «ወንድምህስ የታለ?» ይሉታል። ይህን ስንት ዓመት ሰማ! ታናሹን መጫወት ያስተማረው እሱ፣ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው እሱ... ታዲያ ሰው በገዛ እጁ ባሳደገው እንዴት ይቀናል? ይቀናል። እንዲያውም የዚያ ቅናት ነው የሚከፋው።

አንድ ቀን ሽማግሌው ወደቁ። ግማሽ ጎናቸው ሽባ ሆነ፤ ምላሳቸውም ታሰረ። በዚያው ሰሞን ቤተሰቡ ከዘር ማንዘር የሚያገለግለው ባላባት ቤማ ልጁን ዳረ። በሠርጉም የአያቱ ጦርነት በሲራማን ድምፅ እንዲዘፈን አዘዘ። የቤማ አያት በወንዝ መሻገሪያው ከጭፍራቸው ጋር ቆመው ተዋጉ ይባላል። አዝማሪዎቹ ብቻ የሚያውቁት፣ በቤማ ዘሮች ፊት የማይነሳ አንድ ስንኝ ግን ነበር። ክልከላውን አባትየው ለታላቁ ነግረውታል፤ ለታናሹ ገና አልነገሩትም።

ሲራማን በሠርጉ ማለዳ ወንድሙ ዘንድ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ የመጨረሻዋን ስንኝ አባባ አስተምረውኝ ነበር። የት እንደምትባል ግን ሳይነግሩኝ ታመሙ። ዛሬ ልዝፈናት?»

ፋሞሮ ክሩን እየወጠረ ነበር፤ ቀና አላለም። «ዝፈናት። አባባ ቢሰሙህ ደስ ይላቸው ነበር» አለው።

ሲራማንም በዚያ በሚያሳሳ ድምፁ ዘፈናት፤

«ጌታው በታንኳ ማዶ ተሻገረ፣
ጭፍራው ከነጦሩ ውኃ ውስጥ ቀረ።»

በሙሽራው ወገን አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ግቢው ጸጥ አለ። ቤማ ተነሥቶ ፋሞሮን ጠየቀው። «ይህች ስንኝ የአባትህ ናት ወይስ የዚህ ልጅ?»

«አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ዘፍነው አያውቁም። ከራሱ ነው ያመጣው።»

ሲራማን ወንድሙን ትክ ብሎ አየው። አንዲት ቃል እንኳ አልተነፈሰም። የቤማ ሰዎች የሲራማንን ንጎኒ ሰባብረው አባረሩት፤ ከዚያ በኋላ በሴጉ በር የሚከፍትለት ጠፋ። ወደ ደቡብ፣ ወደ ወርቅ ጉድጓዶቹ ወረደ።

አሁን ፋሞሮ ብቻውን ይዘፍናል፤ ይሸለማል። በአባቱ አልጋ አጠገብ ሲጫወት ግን ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። በየግብዣውም አሮጊቶች «ሲራማን ቢሆን ኖሮ...» ይላሉ። በሌለ ሰው መቅናት ምን ዓይነት እሳት ነው?

በክረምቱ ከወርቅ ጉድጓዶቹ አንድ ቆፋሪ መርዶ ይዞ መጣ። ጉድጓዱ በሲራማን ላይ ተደርምሶ እዚያው ቀብረውታል። ሰውየው ለእናቲቱ ለወይዘሮ ነማ አጫወታቸው፤ ሲራማን ማታ ማታ በተዋሰው መሣሪያ ለቆፋሪዎቹ ይዘፍንላቸው ነበር አለ፤ ሲያደንቁት ደግሞ «ታላቅ ወንድሜን ብትሰሙት! ከእሱ እጅ የሚበልጥ እጅ የለም» ይላቸው ነበር።

ፋሞሮ እናቱ እግር ላይ ወድቆ የሠራውን ሁሉ ተናገረ። ወይዘሮ ነማም «ሲራማን የሠርጉ ዕለት ማታ ነግሮኝ ነበር» አሉት። «"እማማ፣ ወንድሜን እንዳትጠይቂው፤ ያፍራል" አለኝ።»

አዬ ዕጣ! አንዱን ዘፈን ለሁለት ከፍለሽ፣ እጁን ለአንዱ፣ ድምፁን ለሌላው መስጠትሽ አብረው እንዲኖሩበት አልነበረም? ፋሞሮ ዛሬም በሴጉ አለ። ጣቶቹ ዛሬም እንደ ፈረስ ይጋልባሉ፤ የሚጋልባቸው ድምፅ ግን የለም።