ጭራዋ ያልተሣለ ወፍ

ንጉሡ በነገሡ በአሥራ ሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ጣሪያዎች ገና ሲያንጠባጥቡ፣ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ሚስት ቀለም ልትበጠብጥ መስኮቱን ከፈተች፤ ከማዶው ቤት ጣሪያ ጀርባም አይታ የማታውቃት ወፍ ብቅ አለችባት፤ ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ያህል ቆይታም ወደ ኋላ ወርዳ ተሰወረች።

ሠዓሊው አላያትም። ከክንዱ ርቆ ያለውን መለየት ከተሳነው ዓመታት አልፈዋል፤ ይህንንም ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ንጉሡ ላዘዙት የወፎች መጽሐፍ እሷ ታያለች፣ እሱ ይሥላል። አሁን የቀረው አንድ ቅጠል ብራና ብቻ ነበር።

«ከርግብ ትበልጣለች?»

«ታንሳለች። ከድንቢጥ ግን ትወፍራለች።»

«መንቆሯ ቀይ ነው አልሽኝ?»

«ቀይ መቼ ወጣኝ? ቢጫ ነው፤ ጫፉ ጎበጥ ያለ።»

ሠዓሊው ፈገግ አለ፤ ሆን ብሎ ሊፈትናት ነበርና።

«ደረቷ አመድማ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ሰረዝ አላት። ደግሞ አንድ ቦታ አትረጋም፤ እንደ እናትህ ነቅነቅ ትላለች።»

«እናቴን ተያት። ጭራዋስ?»

«ጣሪያው ጋረደኝ።»

ከሣሏቸው ወፎች ሁሉ ጋር አንድ በአንድ አስተያዩአት፤ የምትመስላት አልተገኘችም። እሱም እስከ ክንፏ ድረስ ሣላት።

በሦስተኛው ቀን የግምጃ ቤቱ ሹም መጥቶ ሥዕሉን አየና ፊቱን አጨፈገገ።

«ጭራ የሌላት ወፍ ለንጉሥ አትቀርብም። የድንቢጥ ጭራ ይቀጥሉላት፤ ማን ያውቃል?»

«አልችልም፣ ጌታዬ።»

«ለምን? እርስዎ አላዩአትም እንዴ?»

ሠዓሊው ብሩሹን አስቀመጠ።

«ያየቻት ባለቤቴ ናት። እሷ ያላየችውን እኔ አልሥልም።»

በዚያው ቀን ከሹመቱ ተሻረ። ሚስቱ አለቀሰች።

«አንዲት ጭራ ብትሥል ምን ነበረበት?»

«ይህን ሁሉ ወፍ ያየሽልኝ አንቺ፤ በመጨረሻዋ ልዋሽብሽ?»

ኋላ የተነሡ ታሪክ ጸሐፊዎች፣ ሠዓሊው የመጨረሻዋን ወፍ ሳይጨርስ ሞት ቀደመው ብለው ጻፉ። አልቀደመውም፤ ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ከሚስቱ ጋር በዚያው መስኮት ሥር ተቀምጦ ኖሯል። በአራተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ባባራ ማግሥት፣ ወፏ ተመልሳ መጥታ ከጣሪያው አናት ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች፤ ሚስቱም እጁን ያዝ አድርጋ በጆሮው «ረጅም ነው፤ ጫፉ ነጭ» አለችው።

መጽሐፉ ግን ያን ጊዜ በግምጃ ቤት ተቆልፎበት ነበር።