አስር ሳይሞላ

እናት ሁለት ወንዶች ወልዳ፣ ሁለቱም ከአውሮፕላን መዝለልን እንጀራዬ ብለው ያዙ። ታላቅየው የዝላይ አስተማሪ፣ ታናሽየው ፓራሹት አጣፊ። "ምድር ጠበባችሁ ወይ?" እያለች ስትነጫነጭ ኖረች። ማን ሰምቷት! ታላቅየው ጭራሽ ዘሎ መሬት ካረፈ በኋላ ሰው ለማስደንገጥ የሞተ መስሎ ሳሩ ላይ መዘረር ይወዳል። ባልደረቦቹም መላ አበጁለት፤ እስከ አስር ይቆጥራሉ፣ አስር ሳይሞላ ካልተነሳ ሁሉንም ምሳ ይጋብዛል። በሞት የሚቀልድ ጎልማሳ፣ ቁጭ ብሎ የሚቆጥርለት ጎልማሳ!

አንድ ቀን ሊያርፍ ሲል ነፋስ ገፍቶ በጀርባው ጣለው። አልተነሳም። ባልደረቦቹ መቁጠር ጀመሩ። ታናሽየው ወንድሙን ከግብዣው ሊያድን እየሳቀ ሮጠ።

"አትንካኝ... አንገቴን..." አለ ታላቅየው።

"ተው ባክህ፣ ይቺን እናውቃታለን!"

በሁለት ክንዶቹ ይዞ ብድግ አደረገው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ እጅም እግርም አልታዘዘውም። ምን ነበረበት አንዴ እንኳ ቢሰማው? ምን ነበረበት!

"የአንገቱ አጥንት ተሰብሯል" አለ ሐኪሙ፤ "ሳይነቃነቅ ቢመጣ ኖሮ ግን በእግሩ መራመዱ አይቀርም ነበር።" ማን ጠየቀው?

ታናሽየው ይህን ከሰማ ወዲህ ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ሦስት ወር ሙሉ! ታላቅየው በየቀኑ "መጣ?" ይላል። እናት ብቻዋን ስታገላብጥ፣ ስታጎርስ ወገቧ ተቆረጠ። በመጨረሻ ሄዳ በሩን ደበደበችው።

"አንዱ ልጄ አልጋ ላይ ቀርቷል፤ አንተ ደግሞ በቁምህ ልትሞትብኝ ነው? ውጣ!"

በኮሌታው እየጎተተች አመጣችው። አልጋው ሥር ተንበረከከ።

"ወንድሜ፣ እኔ ነኝ የገደልኩህ..." ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። አለቀሰ፣ አለቀሰ፣ ማቆሚያ አጣ።

ታላቅየው ጣሪያውን እያየ ሰማው፣ ሰማውና ትዕግሥቱ አለቀ።

"በቃ! ለቅሶህን ኋላ ትደርስበታለህ። አፍንጫዬን ከጠዋት ጀምሮ ይበላኛል፣ እከክልኝ!"

ታናሽየው እንባውን በክንዱ ጠርጎ አከከለት።

"ወደ ቀኝ... ኧረ ወደ ቀኝ!... እሰይ። ነገም ና፣ በጠዋት።"

መጣ። በየጠዋቱ መጣ፤ ፊቱን አጠበው፣ ጢሙን ላጨው፣ ተሰዳደቡ፣ ሳቁ። ስድስት ሳምንት ብቻ! ከዚያ የሳምባ ምች መጣና ታላቅየውን ይዞት ሄደ።

"ዕጣው ነው" አሉ ለቀስተኞች። አንገቱስ እሺ፣ ዕጣ ይሁን... በእፍረት የባከኑት እነዚያ ሦስት ወራትስ የማን ዕጣ ናቸው?