ከጥያቄው የቀደመ መልስ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። ልማልላችሁ እንኳን አልችልም፤ አፍራለሁ።

ጨለማ አልነበረም። ውሻም አላላዘነም። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወለል ብላ ወጥታ፣ ጤና ጣቢያ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ በሰው ተከብቤ ነው የጀመረው።

ሥራዬ ለሕክምና የሚሆኑ አፖችን መሥራት ነው። የዚያን ሰሞን የሠራሁት ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስልካቸው "እንዴት አደሩ?" ብሎ ይጠይቃል። አረንጓዴውን ከተጫኑ "ደህና ነኝ" ማለት ነው። ቀዩን ከተጫኑ ወይም ዝም ካሉ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ ቤታቸው ድረስ ትሄዳለች።

ሲስተር እንላታለን። ከአፑ በፊት ሁሉንም ቤት የምታዳርሰው በእግሯ ነበር። ገና ስጀምር አስጠንቅቃኛለች።

"ሽማግሌ ሰው እኮ ነፍሱ ልትወጣ እያለች እንኳን ደህና ነኝ ነው የሚልህ" አለችኝ። "እኔ የሚሉትን አልሰማም። በር ላይ ቆሜ ፊታቸውን ነው የማየው።"

"ለሚዋሽ ሰው ደግሞ አፕ አይሠራም" ብዬ ሳቅኩባት።

አፑን መጀመሪያ የጫንኩት እታለም ስልክ ላይ ነው። እታለም የእናቴ እህት ናት። እናቴ ስትሞት አንስታ፣ አብልታ አጠጥታ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሑድ እሑድ ሳልጠይቃት አልውልም ነበር።

አፑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን... አልጋዬ ውስጥ እንዳለሁ ስልኬን ከፈት አደርጋለሁ። አረንጓዴ። ደህና ናት። ተገላብጬ እተኛለሁ።

በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባል የለ? በሬው እኔ ነኝ።

ወደ አዳራሹ ልመልሳችሁ።

ኃላፊዎቹ ፊት ለፊቴ ተደርድረዋል። አፑ ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች ይሂድ አይሂድ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ግድግዳው ላይ የአዛውንቶቹ ስም ተዘርግቷል። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ። አጨበጨቡልኝ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሲስተር አላጨበጨበችም።

"እስቲ የእታለምን ክፈተው" አለችኝ በሹክሹክታ።

ከፈትኩት።

"ጥያቄው መቼ ነው የሚላከው?"

"ሁለት ሰዓት ላይ።"

"ታዲያ መልሷ ለምን ቀደመ?"

ስክሪኑን ወደ ላይና ወደ ታች አንሸራተትኩ...

ያን ሰሞን የእታለም መልስ የሚመጣው ጥያቄው ሳይላክ ነበር። መጀመሪያ በትንሹ ቀደመ። በማግስቱ ጭራሽ ጎህ ሳይቀድ መጣ።

የሚያሳፍረኝ ደግሞ ይኼ ነው... አይቼው ነበር። ስህተት ተገኘ ብዬ ስብሰባው እንዳይራዘምብኝ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

"ችግር አለ?" አለኝ አንዱ ኃላፊ።

"የሰዓት አቆጣጠር መዛባት ነው። ቀላል ነው" አልኩት። ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

"ደውልላት" አለች ሲስተር።

ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

ስልኬን ከጆሮዬ ሳላነሳ፣ ግድግዳው ላይ የእታለም ስም ብልጭ አለ።

ደህና ነኝ።

ማንም ምንም አልጠየቃትም ነበር...

ስብሰባውን ጥለን ወጣን።

የእታለም ቤት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሁልጊዜም እዚያው ነበር። አንኳኳን፣ መልስ የለም። ከፈትኩት።

መጋረጃው ተዘግቶ አየሩ ታፍኗል። እታለም በአልጋዋና በግድግዳው መሃል ወለሉ ላይ ወድቃለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

ሲስተር ተንደርድራ አንገቷን ዳሰሰች። "አለች" አለችኝ። "ውሃ አምጣ። ቶሎ።"

ውሃውን ሳመጣ ስልኳን አየሁት። ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፤ ወለል ላይ የወደቀ ሰው አይደርስበትም። አነሳሁት። ባትሪው አልቋል። አቧራው ጣቴ ላይ ቀረ።

ከዚያ ወንበሩን አየሁት።

የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ነው። ከቦታው ተነስቶ መጥቶ ፊቱን ወደ እታለም አዙሯል። አስታማሚ የተቀመጠበት ይመስላል።

አጠገቧ ተንበረከኩ።

"እታለም... እኔ ነኝ።"

ዓይኗን ገለጠች። ትኩር ብላ አየችኝ።

"ዛሬ ምነው በበሩ ገባህ?"

"ምን አልሽኝ?"

"ከወደቅኩ ጀምሮ እዚያ ወንበር ላይ አይደለህ እንዴ..." ድምፅዋ ይቆራረጣል። "ውሃ ስጠኝ ስልህ... ደህና ነሽ ትለኛለህ። አንሳኝ ልጄ ስልህ... ደህና ነሽ። ከዚያ ስልክህን ትጫናለህ።"

ሲስተር ቀና ብላ አየችኝ።

"እኔ አልመጣሁም እታለም" አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ንጹሕ ነኝ ለማለት ያለኝ ማስረጃ አለመምጣቴ ብቻ ነበር።

"ተው" አለችኝ እታለም። "አሳድጌህ ድምፅህ ይጠፋኛል?"

እሷ ተረፈች። ሐኪሙ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ..." ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። እንቅልፍ ሲወስዳት እጄን ይዛ ነበር። ያ እጅ ሊያዝ የሚገባው አልነበረም።

ከሲስተር ጋር ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ገና ከሰዓት ነው። እጄ አልቀመጥ ብሎኝ ስልኬን አወጣሁና የነገውን ገጽ ከፈትኩ።

የነገው ጥያቄ አልተላከም።

መልሱ ግን ሞልቷል... የሁሉም። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ።

ለሲስተር አሳየኋት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

"ተነስ።"

"ወዴት?"

"ወደየቤታቸው ነዋ። በር በበር።"

መጀመሪያ የደረስነው ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ቤት ነው። ሲስተር ስታውቃቸው ጨዋታ አዋቂ ናቸው፤ ኮቴዋን ሲሰሙ ገና ከውስጥ "መርፌሽን ጥለሽ ግቢ" እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

አንኳኳች።

"አባባ... እኔ ነኝ።"

ቀልድ የለም።

ወንበር ሲጎተት ሰማን። የሰው ኮቴ ግን አልተሰማም።

ጆሮዬን በሩ ላይ አደረግኩ። ከውስጥ፣ ከታች፣ ከወለሉ አካባቢ፣ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

"ልጄ... ውሃ..."

ከዚያ ከበሩ ማዶ፣ እዚያው ጆሮዬ ሥር፣ ሌላ ድምፅ ተናገረ። ረጋ ያለ ነው። አዳራሹ ውስጥ "ቀላል ነው" ያለው ድምፅ ነው።

"ደህና ናቸው።"

ኪሴ ውስጥ ስልኬ ነዘረ።

ሲስተር በሩን አላየችም። ወደ እኔ ዞራ ከንፈሬን ታያለች።

አፌን አልከፈትኩም ነበር።